ታምሜም ቢሆን ጠይቁኝ

ባይፖላር የሚባለው የአእምሮ ሕመም አለብኝ። ሲነሳብኝ እንቅልፍ አያስፈልገኝም፣ ብር እበትናለሁ፣ ከእኔ በላይ አዋቂ የለም። ሲወርድብኝ ደግሞ ተነስቶ ፊት መታጠብ እንኳ ያቅተኛል። በዚህ ሕመም ምክንያት እጄን ታስሬ አውቃለሁ። በግድ መርፌ ተወግቻለሁ። ሳላውቅ በምግብ ውስጥ መድኃኒት ተሰጥቶኛል። ደግሞም በሕክምናው ተሽሎኝ ዛሬ ሥራዬን እሠራለሁ፣ ልጄን አሳድጋለሁ። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን ብቻ አንስተው የሚከራከሩ ሰዎች ሲገጥሙኝ ይከፋኛል። አንዱ ወገን “ታማለች፣ ምን ትጠየቃለች?” ይላል። ሌላው “ማንም ማንንም በግድ ማከም የለበትም” ይላል። እኔ ግን በሁለቱ መሃል የኖርኩ ሰው ነኝ። ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ለታማሚም ለአስታማሚም ይጠቅም ይሆናል።

መጀመሪያ የታመምኩ ጊዜ ቤታችን ውስጥ ስለ አእምሮ ሕመም የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሌሊት ተነስቼ ቤት እጠርጋለሁ፣ የተኛ ሰው ቀስቅሼ አወራለሁ። ደሞዜን አውጥቼ ለማላውቀው ሰው ሰጥቻለሁ። ግማሹ ዘመድ “መንፈስ ነው” አለ፤ ግማሹ “የሰው እጅ አለበት” አለ። አንድ ቀን ከቤት ወጥቼ በመኪናው መሃል ቀለበት መንገዱን ለማቋረጥ ስሮጥ ያዙኝ። ያን ቀን ባይዙኝ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ስለዚህ መያዛቸውን አልቃወምም።

የምቃወመው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። አጎቴ ገመድ ይዞ መጣ። እማዬ “ገመድ ይልጣታል” ብላ የራሷን ነጠላ አውልቃ ሰጠችው። እጆቼን በነጠላዋ አሰሩኝ። እያለቀሰች ቋጠሮውን ላላ ታደርገዋለች፤ አጎቴ መልሶ ያጠብቀዋል። “ወዴት ነው?” ብዬ ስጠይቅ “አክስትሽ ታማለች፣ ልንጠይቃት ነው” አሉኝ። ላዳው የቆመው ሆስፒታል በር ላይ ነው።

ሆስፒታሉን አልጠራውም፤ ነገሩ የአንድ ቦታ ችግር ብቻ አይደለም። ድንገተኛ ክፍል ስንገባ ሐኪሙ ጥያቄውን ሁሉ ለአጎቴ ነው ያቀረበው። “ትተኛለች? ትበላለች? ሰው ትማታለች?” እኔ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም። ከዚያ ሰዎች ያዙኝና ተወጋሁ። መርፌው ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያደርገኝ የነገረኝ የለም።

በማግስቱ አንገቴ ወደ አንድ ጎን ተጠምዞ አልመለስ አለ። ዓይኔ ወደ ላይ ተሰቀለ። ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። የገደሉኝ መሰለኝ። አጠገቤ የተኛች ታካሚ ናት “የመርፌው ነው፣ አይዞሽ፣ ለሲስተር ንገሪያት” ያለችኝ። ማስታገሻ ሲሰጠኝ ብዙም ሳይቆይ ለቀቀኝ።

ይህን ለይታችሁ እወቁልኝ። እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች እንዲህ ዓይነት የጡንቻ መኮማተር ሊያመጡ እንደሚችሉ የታወቀ ነው። ማስታገሻም አለው። ትራይሄክሲፈኒዲል የሚባለው ክኒን አንዱ ነው፤ ብዙ ሰው አርቴን ብሎ ይጠራዋል። ሌላም ጣጣ አለ። አንዳንዱን ሰው መድኃኒቱ ቁጭ ማለት ያስከለክለዋል። ይቆማል፣ ይቀመጣል፣ ይንጎራደዳል፣ እግሩ አያርፍም። ቤተሰብ ይህን ሲያይ “ብሶበታል” ብሎ ይደነግጣል። ባለሙያውም ካልተጠነቀቀ ዶዙን ይጨምራል፤ ሰውየው የባሰ ይቁነጠነጣል። እንዲህ ካያችሁ መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቁሙ። ነገር ግን “ከመድኃኒቱ ሊሆን ይችላል ወይ?” ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ። ቶሎ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ለወር ቀጠሮ አታቆዩት።

ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ ሕጉ ምን ይላል ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ሥራዬ ከወረቀት ጋር ስለሆነ ማንበቡ አልከበደኝም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 20 ሰው የሐኪም ምርመራንና ሕክምናን በማንኛውም ጊዜ እምቢ ማለት እንደሚችል ይናገራል። ልዩ ሁኔታዎች አሉት፤ ሞግዚት ያለውን ሰው የሚመለከት ነገርም አለው። ዋናው መነሻው ግን የሰውየው ፈቃድ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 17 ደግሞ ሕግ ከደነገገው ሥርዓት ውጪ ማንም ነፃነቱን እንደማያጣ ይደነግጋል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 342 ላይ ስደርስ ግን ቆም አልኩ። ነዋሪው ከ2,000 ሰው በታች በሆነበት ቦታ አንድ ሰው እብደቱ ግልጽ ነው የሚባለው ቤተሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት ሲጠብቁትና እንዳይንቀሳቀስ ሲከለክሉት ነው ይላል። ደጋግሜ አነበብኩት። መታሰሩ ራሱ ለማበዱ ማስረጃ ይሆናል ማለት ነው። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ምናልባት ከታማሚው ጋር የሚዋዋለውን ሦስተኛ ሰው አስበው ይሆናል። ለታሰረው ሰው ግን መውጫው የቱ ጋ ነው? ብዬ ተቆጣሁ።

አንድ ጠቃሚ ነገርም አገኘሁ። ሰው በንብረቱና በራሱ ጉዳይ እንዳይወስን የሚያደርገው የዘመድ ስብሰባ አይደለም። በፍርድ መከልከል የሚባል ሥርዓት አለ፤ እሱም ፍርድ ቤት አቤት ተብሎ የሚወሰን ነው። ቡና ላይ ተቀምጠው “ከዛሬ ጀምሮ እሷ አትወስንም” ስላሉ ብቻ ውሳኔያችሁ አይነጠቅም። ይህን ማወቄ ብዙ ረድቶኛል። አጎቴ በስሜ ያለውን ቤት ሊያከራየው ሲነሳ በእርጋታ “የፍርድ ቤት ወረቀት አለህ ወይ ጋሼ?” አልኩት። ነገሩ እዚያው ቆመ።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. ተቀብላለች። የስምምነቱ አንቀጽ 14 የአካል ጉዳት መኖሩ በምንም ሁኔታ ሰውን ነፃነቱን ለመንፈግ ምክንያት ሊሆን አይችልም ይላል፤ ስምምነቱ የቆየ የአእምሮ ጉዳትንም ያጠቃልላል። የስምምነቱ ኮሚቴ ይህን በግድ አስተኝቶ ማከም ጨርሶ ክልክል ነው ብሎ ይተረጉመዋል። ብዙ አገሮች በዚህ አይስማሙም። እኔም እስከመጨረሻው አብሬ መሄድ አልቻልኩም፤ ያን የቀለበት መንገድ አስታውሳለሁና። ነገር ግን ኮሚቴው የሚፈራውን ፍርሃት በደንብ አውቀዋለሁ። ሰው አንዴ “ለራሷ ነው” ማለት ከጀመረ የት ላይ እንደሚያቆም አያውቅም።

እዚህ ላይ ለቤተሰቦች አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ አብዛኛው ቤተሰብ በጭካኔ አያስርም። በጉራጌ አካባቢ በሶዶ ወረዳ የተሠሩ ጥናቶች አሉ። ሰው በሰንሰለት ቤት ውስጥ የሚታሰረው ሕክምና በአቅራቢያው ስለሌለ፣ ስለሚወደድ፣ ታማሚው እንዳይጠፋና እንዳይጎዳ ስለሚፈራ መሆኑን ቤተሰቦቹ ራሳቸው ተናግረዋል። የአእምሮ ሕክምና በወረዳው ጤና ጣቢያዎች መሰጠት ሲጀምር፣ ጥናት ላይ ከነበሩት ከባድ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ከአራት አንዱ ያህሉ ባለፈው ዓመት ታስረው ነበር። ከአንድ ዓመት ሕክምና በኋላ ቁጥሩ ከግማሽ በታች ወረደ። እንግዲህ ሰንሰለቱን ያስፈታው ስብከት አይደለም፤ በእግር የሚደረስበት ጤና ጣቢያ ነው። አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ልጁን አስሮ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ተጉዞ አዲስ አበባ ያመጣ ገበሬ ላይ መፍረድ አልችልም።

አሁን ከሁሉም በላይ ስለጎዳኝ ነገር ልጻፍ። መታሰሩ አይደለም። ጁሱ ነው።

ከሆስፒታል ወጥቼ መድኃኒቱን ማቋረጥ ጀምሬ ነበር። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ቀኑን ሙሉ ያደነዝዘኛል። ቤተሰቦቼ ይህን ሲያዩ ክኒኑን ፈጭተው በአቮካዶ ጁስ ይሰጡኝ ጀመር። ምሬቱን በስኳር ይሸፍኑታል። አንድ ቀን ብርጭቆው ሥር ነጭ ዱቄት አየሁ። በጣቴ አነሳሁትና ቀመስኩት፤ መረረኝ።

ይህን የሚያደርግ ሰው በደንብ ይስማኝ። ሕመሜ ሲነሳ ከሚነግረኝ ነገር አንዱ “ምግብሽ ውስጥ የሆነ ነገር እየጨመሩ ነው” የሚል ነው። ሐኪሞች ይህን የሕመም ምልክት ብለው ይመዘግቡታል። ቤተሰቦቼ ደግሞ እውነት አደረጉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እቤት የተሠራ ምግብ አልበላም አልኩ። ሃይላንድና የታሸገ ብስኩት ከሱቅ እየገዛሁ ወራት አሳለፍኩ። እማዬ ሽሮ ሠርታ ፊቴ እየቀመሰች “በይ ልጄ፣ እኔም በልቻለሁ” ትለኛለች፤ እኔ ግን አላምናትም። ሕክምናውንም፣ ሐኪሙንም፣ እናቴንም በአንድ ላይ አጣኋቸው።

ተቸግራችሁ እንደምታደርጉት አውቃለሁ። ግን አታድርጉት። በዚህ ላይ ጥንቃቄ የሌለው አሰጣጥ አደጋም አለው። ማን ምን ያህል እንደወሰደ አይታወቅም፤ ታማሚው ሌላ መድኃኒት ወይም መጠጥ ሊደርብበት ይችላል። ለባይፖላር የሚሰጠውን ሊቲየም የሚወስድ ሰው ደግሞ ደሙ በየጊዜው ካልታየ መጠኑ ከፍ ሲል ይመርዛል፤ ሳያውቅ የሚሰጠው ሰው ለደም ምርመራ እንዴት ይሄዳል? እምቢ ካለ ለምን እንቢ እንዳለ ጠይቁት። እኔን የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ኖሮ “እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ሥራ ላይ መጻፍ አቃተኝ” እል ነበር። ይህ ደግሞ በዶዝ ማስተካከል ወይም መድኃኒት በመቀየር የሚፈታ ነገር ነው። በኋላም የተፈታው በዚሁ ነው።

ሌላም ያልተጠየቅኩት ነገር ነበር፤ ሴቶች ይህን አስተውሉ። ቫልፕሮት የሚባል መድኃኒት ታዞልኝ ነበር። ጥሩ መድኃኒት ነው፣ አረጋግቶኛል። ነገር ግን በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ ጽንሱ ላይ ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ለመውለድ አስቤ እንደሆነ የጠየቀኝ የለም። የነገረችኝ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ናት፤ ያውም በአጋጣሚ። ለሐኪሜ ነግሬ ተቀየረልኝ። የአእምሮ ታማሚ ልጅ አትወልድም ብሎ ማን ወሰነ? ልጄ ዛሬ ትምህርት ቤት ናት።

በግድ የተወጋሁበት ሌላም ጊዜ አለ፤ ያኛውን ግን ያለ ምሬት ነው የማስታውሰው። ሲስተሯ መጣችና ከአልጋዬ ጎን ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስሟን ነገረችኝ። “እህቴ፣ ለብዙ ቀን እንዳልተኛሽ ነግረውኛል። ይህ መርፌ ያስተኛሻል። አፍሽ ይደርቃል፣ ጡንቻሽ ሊይዝሽ ይችላል፤ ለሱ ማስታገሻ እዚህ አለ፣ ጥሪኝ” አለችኝ። እኔ ጮህኩባት፣ ሰደብኳት። ጠበቀችኝ። ከዚያ “መወጋቱ አይቀርም፤ በየትኛው ክንድሽ ይሁን?” አለችኝ። ግራ እጄን ሰጠኋት። አልፈቀድኩም፤ ግን ሰው ሆኜ ነው የተወጋሁት። ይህን ማድረግ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም። የጤና ባለሙያዎች ይህን ካነበባችሁ የሲስተሯን አነጋገር እንዳለ ውሰዱት።

ስለ ጠበልም ልበል፤ የብዙዎቻችን ነገር ስለሆነ። እኔ አማኝ ነኝ፣ እንጦጦ በእግሬ ወጥቼ እጠመቃለሁ። በሌላ ጠበል ቦታ ግን እግሩ በሰንሰለት ተይዞ ብርድ ላይ የተቀመጠ ወጣት አይቻለሁ። አጎቴ እኔንም እንደዚያ ሊያስገባኝ ፈልጎ ነበር፤ እህቴ ናት ያስቀረችው። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው ቢወሰዱ እንደማይጣሉ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን መናገራቸው ለብዙ ሰው መፍትሔ ሆኗል። ለእኛም ሕመም ያው ነው። ጠበሉን እጠመቃለሁ፣ ክኒኔንም እውጣለሁ። በሰንሰለት ግን አልጠመቅም።

ከብዙ ጠብ በኋላ ከታላቅ እህቴ ጋር ወረቀት ጻፍን። ደህና በሆንኩበት ጊዜ፣ ክትትል የሚያደርግልኝ ሐኪም ባለበት። ፍርድ ቤት የሚያስገድድበት ሰነድ ነው አልላችሁም፤ የቤተሰብ ቃል ኪዳን ነው። ሦስታችንም ፈርመንበታል፣ አንዱ ቅጂ ካርዴ ውስጥ ተቀምጧል።

መጀመሪያ የጻፍነው የሕመሜን ምልክት ነው። ሁለት ሌሊት በተከታታይ ካልተኛሁ፣ ለሰው ሌሊት መደወል ከጀመርኩ፣ ልብሴን ማደል ከጀመርኩ ተነስቶብኛል ማለት ነው። መናደድ ምልክት አይደለም። ይህን በትልቁ አጽፌዋለሁ፤ ምክንያቱም ከሆስፒታል የወጣ ሰው የመቆጣት መብቱን ያጣል። ደላላ አጭበርብሮኝ ብጮህ “መድኃኒትሽን ወስደሻል?” ይሉኛል። እማዬ ጋር በሽንኩርት አከታተፍ ብንጣላ “መድኃኒትሽን ወስደሻል?” ይሉኛል። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ለእህቴ “ሰው ነች፣ ትናደድ” አላት። ቃሉን ወረቀቱ ላይ አስገባነው።

ከዚያ ማን እንደሚወስደኝ ጻፍን፤ እህቴና የጎረቤታችን ልጅ። አጎቴ እንዳይመጣ። የት እንደምሄድ ይነገረኛል፣ “ዘመድ ጥየቃ” የሚባል ውሸት የለም። መታሰር የለም፤ ከመኪና ልወርድ ብታገል ግራና ቀኝ ይቀመጡ። ያ የመጀመሪያው መርፌ ያለ ማስታገሻው እንዳይሰጠኝ። በምግብ ውስጥ ምንም አይጨመርም፣ በምንም ምክንያት። ስልኬ አይወሰድም። ልጄ እማዬ ጋር ትሆናለች፤ “እናትሽ ታማ ሆስፒታል ገብታለች፣ ትመጣለች” ትባላለች እንጂ “ክፍለ ሀገር ሄዳለች” አትባልም። እኔም በበኩሌ የገባሁት ቃል አለ። ሐኪሙና እህቴ ሁለቱም ጊዜው ነው ካሉ፣ ያን ሰዓት እምቢ ብልም እንዲወስዱኝ ፈቅጃለሁ። ይህን መስመር ስጽፍ እጄ ከብዶኝ ነበር። ግን የኔ ቃል ነው፣ ማንም አልጫነብኝም።

ወረቀቱ ተፈትኗል። ሕመሙ ሲመለስ እህቴ አውጥታ አነበበችልኝ። “ያኔ አታልላችሁኝ ነው የፈረምኩት” ብዬ ጮህኩባት፤ ሰደብኳት። እሷ አልያዘችኝም። በሩ ጋ ወንበር አድርጋ እስኪነጋ ተቀመጠች። ሲነጋ “በራስሽ እግር ትሄጃለሽ ወይስ የጎረቤታችንን ልጅ ልጥራው?” አለችኝ። በራሴ እግር ሄድኩ። ተኝቼ ታከምኩ፣ ከበፊቱ ባጠረ ጊዜ ወጣሁ። ስመለስ እማዬ ሽሮ ሠርታ ጠበቀችኝ። በላሁ፣ ሳልፈራ።

እናንተም መጻፍ ከፈለጋችሁ ሁሉም ሰው ደህና በሆነበት ሳምንት ጀምሩት፤ ሕመሙ ሲነሳ ረፍዷል። ሐኪሙ ጊዜ ከሌለው ሲስተሯን ወይም የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያውን ጠይቁ። ቤተሰብ የሌላችሁ ከሆነ አንድ የምታምኑት ሰው ይበቃል፤ የሥራ ባልደረባም ቢሆን። የመድኃኒቶቻችሁን ስም ጽፋችሁ ያዙ፤ የረዳችሁንም ያሰቃያችሁንም። በየቀጠሮው ከሐኪሙ ጋር ለብቻችሁ የምታወሩበት ጥቂት ደቂቃ እንዲኖር አጥብቃችሁ ጠይቁ፤ አስታማሚ ባለበት የማይነገር ነገር አለ።

እኔና እህቴ እስካሁን ያልተስማማንበት የኤቲኤም ካርዴ ጉዳይ ነው። ሕመሙ ሲነሳ ለእሷ እንድሰጥ ተስማምቻለሁ፤ ብር መበተኔን አውቃለሁና። የሚያጣላን መቼ ይመለስልኝ የሚለው ነው። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ በደንብ ከተኛሁ ይመለስ እላለሁ። እሷ ሐኪሙ ይወስን ትላለች። ሐኪም ስለ ጤናዬ ይናገር እንጂ ስለ ደሞዜ ምን አገባው ባይ ነኝ። በሚቀጥለው ቀጠሮ አብራኝ ትመጣለች፤ እዚያ እንነጋገርበታለን።